መታወቂያዬ ሱቁ ውስጥ ቀረ

ሰሞኑን ከድሬም ከሐረርም የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ስልክ፣ ፎቶ፣ መታወቂያ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ቆየት እላለሁ፣ ብዙ ሰው የገባበት ነገር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር የፋይዳ ካርዴን ላሳትም ከዚራ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ የፋይዳ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ወዲያው ስልኬ ላይ ኦቲፒ፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር፣ ያለበት መልእክት ገባ። «ኦቲፒውን ንገሪኝ» አለኝ፣ ነገርኩት። ካርዱን በደቂቃ አትሞ ሰጠኝ። ልወጣ ስል ኮምፒውተሩን አየሁት። ፎቶዬ ያለበት ፋይል እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑም የብዙ ሰው ተደርድሯል። «አጥፋልኝ» ማለት አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያሰብኩት እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ላድርግ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈሩን ተይውና ተመልሰሽ ሂጂ። «ወንድሜ፣ የኔን ፋይል አጥፋልኝ» በይው፣ ሲያጠፋም እዚያው ቆመሽ እይ። ዴስክቶፑ ብቻ አይበቃም። ዳውንሎድ ፎልደሩን ክፈትልኝ በይው፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርገው። በቴሌግራም የላክሽለት ነገር ካለ ደግሞ ከራስሽ ስልክ ስታጠፊው ከእሱም ዘንድ እንዲጠፋ የሚጠይቅሽን ሳጥን ምልክት አድርጊበት፣ አለበለዚያ የሚጠፋው ካንቺ ብቻ ነው።

ስለ ኦቲፒው ላረጋጋሽ። ያን ቀን የነገርሽው ቁጥር አንዴ ሠርቶ አብቅቷል። አሻራሽና የዓይንሽ ምስልም ልጁ እጅ አልገባም፣ እሱ ያለው የመታወቂያው ቅጂ ነው። ግን ቅጂውም ቀላል ነገር አይደለም፣ ፎቶሽ፣ ሙሉ ስምሽ፣ የትውልድ ቀንሽና ስልክሽ አንድ ላይ አሉበት፤ በስምሽ ሊያጭበረብር የሚፈልግ ሰው የሚነሳው ከዚህ ነው። ሳትጠይቂ ኦቲፒ ከገባልሽ፣ የደወለልሽ ሰው ማንም ነኝ ቢልሽ እንዳትነግሪው። ኦቲፒ ማለት ፊርማ ነው፣ «እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ» ማለት። ለወደፊቱ ፋይሉን በራስሽ ስልክ አውርጂ፣ እሱ ማተም ብቻ ይሁን ሥራው።

እና ይሄ ሁሉ ልመና እንዳይመስልሽ፣ መብትሽ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለምን እንደያዘው በግልጽ መናገር አለበት፣ ለካርድ ማተሚያ የተቀበለውን ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም፣ ሥራው ሲያልቅም ይዞት የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም። ስለኔ ምን ይዘሃል ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። የተሳሳተውን ማስተካከል፣ የማያስፈልገውን ማስጠፋት ትችያለሽ። መረጃው ከእጁ ቢያመልጥ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ግዴታው ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ልጁ አሻፈረኝ ካለ ቅሬታሽን በጽሑፍ የምታቀርቢው ለእነሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ መሆኑ ለኛ ሩቅ ነው፣ ይገባኛል። ማመልከቻውን የሚጽፍልሽ ሰው ካጣሽ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቂያቸው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይህን ጉዳይ እንዲህ አጥብቄ የያዝኩበትን ምክንያት። አምና ቀፊራ ገበያ ከአንዲት እናት የባቢሌ ለውዝ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ለውዙን ስጨርስ ወረቀቱን ፈታሁት፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ ነው። ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ከነስልክ ቁጥሩ። ከሥሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ግማሹ ይታያል። ሰውዬው በፎቶው ላይ ከረባት አስሯል፣ ኮሌታው ሰፍቶት አንገቱ ውስጡ ጠፍቷል፣ የፎቶ ቤቱን ልብስ ተውሶ የተነሳ ይመስላል። ሥራ ሊያመለክት ይሆናል እንዲህ ተዘገጃጅቶ የተነሳው። ፎቶው ላይ ዘይት ጠብ ብሎበታል። ሻጯን አልወቅስም፣ እሳቸው ወረቀቱን በኪሎ ነው የገዙት። የተናደድኩት በኪሎ በሸጠው ላይ ነው። እኛ ዘንድ «ይህችን አስቀምጥልኝ» የተባለን ዕቃ የሸጠ ሰው አደራ በላ ይባላል፣ ጎረቤት አያምነውም። የሰው መታወቂያስ ከዕቃ ያንሳል? አዋጁ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን በፋይል ተደራጅቶ የተቀመጠ ወረቀትንም ይመለከታል።

ስለዚህ ኮፒ ከመስጠትሽ በፊት ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት። ፎቶሽን ሳይሸፍን፣ ግን ጽሑፉ ላይ ትንሽ ይለፍ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጽፍበት ሰጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ለሠርጌ ሂና ያሠራሁበት ሳሎን ፊቴን ጭምር ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። አልጠየቁኝም። ቤተሰቤ ተቆጥቷል። ሳሎኑን ሳናግር «ቆንጆ ስለሆንሽ ነው፣ ምን ችግር አለው» አሉኝ። ሕግ አለ? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አለ፣ ያውም ከኢንተርኔት በፊት የወጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያነሳል፣ ለምሳሌ ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን። ጀጎል ውስጥ በዓል ሲቀረጽ አብሮ መግባት አንድ ነገር ነው፣ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ዘርግተሽ መቀረፅ ግን ሌላ ነው። «ቆንጆ ነሽ» ፈቃድ አይሆንም እህቴ። በአንቀጽ 29 መሠረት እንዲቆም መጠየቅ ትችያለሽ፣ በምስልሽ ከተጠቀሙበትም ፍርድ ቤት ያገኙትን ጥቅም እያየ ካሣ ሊያስከፍላቸው ይችላል።

ግን ቅደም ተከተሉን እንዳታበላሺው። ከመናገርሽ በፊት የገጹ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት ያዢ፣ ቪዲዮውንም አስቀምጪ፣ ካጠፉት በኋላ ማስረጃ የለሽም። ከዚያ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ «አንሱልኝ» በያቸው። እምቢ ካሉ ለቲክቶክ ራሱ ሪፖርት አድርጊ። ክስ የመጨረሻው ይሁን፣ ብዙው ሳሎን ደንበኛ ማጣት ስለማይፈልግ ጽሑፉን ሲያይ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ ስክሪን ላስቀይር ታይዋን ገበያ ስልኬን ሰጠሁ፣ ጠጋኙ የመክፈቻ ፓተርኑን ጠየቀኝ። ልስጠው? (ከመጋላ)

መልስ፦ አትስጠው ወንድሜ። ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም፣ ሲጨርስ ራስህ ከፍተህ ትሞክረዋለህ። ሲምና ሚሞሪ ካርድህን አውጣ። ስልክህ አዲስ ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሜንቴናንስ ሞድ የሚል አለ፣ እሱን ስታበራው ጠጋኙ ስልኩን ይፈትሻል እንጂ ፎቶና ቻትህን አያይም። ያለ ፈቃድ የሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ መበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል፣ እሱንም ንገረው፣ በጨዋ ቃል። እዚያው ታይዋን ሁልጊዜ የምሄድበት ልጅ አለ፣ ስልኩን ደንበኛው ፊት ይፈታና ሠርቶ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «በል ክፈተው አቦ» ይላል።