ቤትሲ ሮስ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ባንዲራ ሰፍታለች?

እህቴ፣ ልጅሽ ስለ ቤትሲ ሮስ እንዲጽፍ ታዞ «እውነት የመጀመሪያውን ባንዲራ የሰፋችው እሷ ናት? ኮከቡስ በአንድ ቁርጥ እንዴት ይወጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቤትሲ በአሜሪካ አብዮት ዘመን በፊላደልፊያ ሱቅ የነበራት ባለሙያ ናት፤ ባንዲራ ትሰፋ እንደነበር ሰነድ አለ። «የመጀመሪያውን» መስፋቷን የሚያሳይ ግን የለም።

የአብዮቱ ጦር አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሱቋ መጥቶ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያለበት ንድፍ አሳያት፣ እሷ ደግሞ ወረቀት አጥፋ ባለ አምስት ጫፉን በአንድ ቁርጥ አወጣችለት የሚባለውን ወሬ በ1870 ለሕዝብ ያቀረበው የልጅ ልጇ ዊልያም ካንቢ ነው። በ1836 ስትሞት እሱ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ዘመዶቹ በቃለ መሐላ አረጋገጡለት፤ በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ ግን አልተገኘም። የባንዲራው ንድፍ የኔ ነው ብሎ በ1780 ሒሳብ የጠየቀውም የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን ነው (መጀመሪያ የጠየቀው ወይን ጠጅ ነበር!)። ኮንግረስ (የአሜሪካ ምክር ቤት) የተማከረው አንተን ብቻ አይደለም ብሎ አልከፈለውም።

ልጁ በሰነዱ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ሜይ 29 ቀን 1777 የፔንሲልቫኒያ የባሕር ኃይል ቦርድ ለመርከብ ባንዲራዎች 14 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ከፍሏታል። በ1810 ደግሞ ወደ ኒው ኦርሊንስ ለሚላኩ ስድስት የምሽግ ባንዲራዎች ተከፍሏታል፤ እያንዳንዱ 5.5 በ7.3 ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሳሎን ይሸፍናል። ልብስ ሰፊ ብቻ አድርጎም አይጻፍ፤ የተማረችው የወንበር ልባስ፣ የፍራሽና የአልጋ መጋረጃ ሥራ ነው። ከኩዌከር (የክርስትና ማኅበር) ቤተሰብ ተወልዳ በ1773 ከእምነቱ ውጭ በማግባቷ ማኅበሩ አባረራት። የመጀመሪያ ባሏ በ1776 ሞተ፤ ሁለተኛው መርከበኛ ነበር፣ እንግሊዝ አገር እስር ቤት ሞተ። ሦስተኛው ጆን ክሌይፑል እዚያው አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኮከቡ። ሌተር ወረቀት (21.6 በ27.9 ሴንቲሜትር) ረጅሙን ጎን ለሁለት አጥፉትና የታጠፈውን ጠርዝ ወደ ታች አድርጉ፤ የዚያ ጠርዝ መሐል ነጥብ የኮከቡ እምብርት ነው። ከእምብርቱ ተነስታችሁ የቀኙን ወገን ወደ ግራ እጠፉ፤ በግራ ሳይሸፈን የሚቀረው ማዕዘን የታጠፈው ክፍል ማዕዘን (72 ዲግሪ) ግማሽ፣ ማለትም 36 ዲግሪ መሆን አለበት። በፕሮትራክተር ለኩት፣ በግምት ከሆነ የኮከቡ እግሮች አይተካከሉም። ያልተሸፈነውን በላዩ እጠፉ፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ለሁለት። አሁን 36 ዲግሪ የሆነ ሹል፣ 10 ድርብ ወረቀት ይዛችኋል። ከእምብርቱ በአንዱ ጠርዝ 3.8 ሴንቲሜትር፣ በሌላው 10 ሴንቲሜትር ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙና በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መቀሱን ለአንዱ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ከቆረጠ የሚወጣው ኮከብ ሳይሆን ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ነው። 3.8 የሚለውን ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ጫፎቹ ይደነድናሉ።

በጨርቅ ከሆነ አጥፋችሁ አትቁረጡ፣ 10 ድርብ ጨርቅ ይንሸራተታል። ወረቀቱን ሞዴል አድርጋችሁ ሳሉና ለመቀምቀሚያ ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲሜትር ትርፍ ተዉ። የውስጥ ማዕዘኖቹን በመቀስ ጫፍ ትንሽ ካልሰነጠቃችሁ ጨርቁ ሲታጠፍ ይኮማተራል። ከሁለቱም ወገን እንዲታይ የሚፈልግ ሰው የባንዲራውን 13 ኮከብ በሁለቱም ወገን እያደረገ 26 መስፋት የለበትም፤ ነጩን በአንድ ወገን ሰፍቶ ከበስተጀርባው ያለውን ሰማያዊ በኮከቡ ቅርጽ መቁረጥና ጠርዙን መቀምቀም ነው። ሜሪ ፒከርስጊል በ1813 በባልቲሞር ለፎርት ማክሄንሪ ምሽግ የሰፋችው ትልቁ ባንዲራ ኮከቦቹ እንዲህ ነው የተሠሩት፤ ኮከቦቹ ጥጥ፣ ሌላው ሱፍ ነው።

ኮከቦቹን በክብ መደርደር ግዴታ አይደለም። ጁን 14 ቀን 1777 የወጣው የኮንግረስ የባንዲራ ውሳኔ 13 ቀይና ነጭ መስመር፣ በሰማያዊ መደብ 13 ነጭ ኮከብ ይላል እንጂ ስለ አደራደሩ ምንም አይልም፤ በረድፍ ቢያደርገውም ልጁ አልተሳሳተም።