ስማችሁ የሰፈረው የት ላይ ነው?

ወገኖቼ፣ አንድ ሕንፃ ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ሲሸጥ «እንኳን ደስ አለዎት፣ የቤት ባለቤት ሆነዋል» የሚል መልእክት ከነፎቶው ይላክላችኋል። ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ዓመታት ቆይቼ ገንዘቤን ላወጣ ስል ነው ውሉን በደንብ ያነበብኩት። ወደ መጨረሻው ገደማ በደቃቅ ፊደል፣ ሥራ አስኪያጁ ተገቢ መስሎ ከታየው ክፍያ ማቆየት እንደሚችል ተጽፏል። እስከ መቼ እንደሆነ አይልም። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ለካ የገዛሁት ቤት አልነበረም። በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው ለዚያ ሕንፃ ብቻ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ የእኔ ድርሻ ከኩባንያው ላይ ነው። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ማጭበርበር ነው አልልም። ግን ኩባንያው ሕንፃውን አስይዞ ከተበደረ ባንኩ ይቀድማል፣ ለእኛ የሚደርሰን ከተረፈ ነው።

ሻጩ «ይሄ የቤት ሽያጭ ነው፣ የአክሲዮን ሕግ አይመለከተውም» ካላችሁ እዚያው ላይ ቆም በሉ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሃዊ የተባለ ድርጅት የብርቱካን እርሻ እየሸነሸነ ይሸጥ ነበር፤ ገዢዎቹ አብዛኞቹ የሌላ ግዛት ሰዎች ሲሆኑ፣ እንክብካቤውንና ለቀማውን የሚሠራው የሻጩ እህት ኩባንያ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ገንዘቡን ለጋራ ሥራ አውጥቶ ትርፉን ከሌላው ልፋት የሚጠብቅ ከሆነ የሸጡለት መሬት ቢሆንም ኢንቨስትመንት ነው፣ የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ሕግ (አክሲዮንንና የመሳሰሉትን የሚገዛው ሕግ) ይመለከተዋል አለ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ይህን ለመለየት የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ በገዢዎቹ እጅ መሆን አለመሆኑን ትጠይቃለች።

ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ የኩባንያውን ስም ኤድጋር በተባለው የኤስኢሲ (የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) የድረ ገጽ መዝገብ፣ እንግሊዝ ያላችሁ በኤፍሲኤ (የፋይናንስ ተቆጣጣሪው) መዝገብ ፈልጉ፤ ሁለቱም በነፃ ነው። ስሙን ብታገኙትም መንግሥት ሥራውን መርምሮ መሰከረለት ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች የተመዘገበ ድርጅት ስም ስለሚዋሱ፣ የምትደውሉት መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ይሁን። በዓመት የተወሰነ ሳምንት ማረፊያ የሚሰጠው ታይምሼር ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ስትገዙ ሐሳባችሁን ለመቀየር 14 ቀን አላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ቅድመ ክፍያ መቀበል ክልክል ነው።

ውሉ ሲላክላችሁ ማንበብ የምትጀምሩት ስለ መውጫው ከሚናገረው ክፍል ይሁን። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁን ማን መሻር እንደሚችል ፈልጉ። በእኔ ውል እሱን ለማንሳት የባለድርሻዎቹ ሦስት አራተኛ መስማማት ነበረበት፤ የባለድርሻዎቹን ስምና አድራሻ የያዘው ደግሞ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነበር።