የጠገበ ለምን ይጣላል ላላችሁኝ ልጆች

ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ብርዱ አላስወጣ ብሎኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ እሁድ መጥቶ ቡና እየጠጣን "ጋሼ፣ አገር ሁሉ ቢበለጽግ'ኮ አለም ላይ ጦርነት አይኖርም፣ የጠገበ ሰው ምን አጥቶ ይዋጋል?" አለኝ። (መበልጸግ ስል ፓርቲውን አይደለም፣ እዛ ውስጥ አታስገቡኝ።) ሳቅኩና በአማርኛ ነገር ነገር የሚለው ሰው ምን ይባላል አልኩት፣ ዝም አለ። "ጠገበ" አይደል እንዴ የሚባለው?

እኔ 31 አመት ቀያሽ ነበርኩ፣ ሜትርና ችካል ተሸክሜ ከመንዝ እስከ ጣርማ በር ያልረገጥኩት ቀበሌ የለም ማለት ይቻላል። መንዝ ውስጥ መሃል ሜዳ የሚባለው ከተማ አካባቢ ሁለት አዋሳኝ ገበሬዎች ነበሩ፣ ሁለቱም የሰፈሩ ሀብታም፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ሁለት ጥማድ በሬ፣ በጉማ አይቆጠርም። የተጣሉት ሁለት ክንድ በማትሞላ ወሰን ነው። አንዱ ማታ ድንጋዩን ይገፋዋል፣ ሌላው በማግስቱ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ስለካው ደግሞ እኔው ሜትሩን ሳልወጥር ላላ አድርጌ ይዤ አጠፋሁ፣ ሁለተኛ ስሄድ ልኬቱ ሌላ ሆነ፣ በቃ እሳት ላይ ላምባ ጨመርኩ። አንደኛው ጠበቃ ለመያዝ ወይፈኖቹን ሸጠ፣ ሌላው ጠመንጃ ገዛ።

ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ድሆች በመቀናጆ ያርሱ ነበር፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን። እነሱም ይነጫነጫሉ፣ በሬዬን አላበላህም ምናምን፣ ግን አንዱ ቢያኮርፍ የሁለቱም መሬት ጦሙን ያድራል። ሀብታሞቹ ግን ማን ያስፈልጋቸዋል?

ድህነት ሰላም ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደሱ ቢሆን እኛ አንደኛ በወጣን። ስራ የሌለው ወጣት በርካሽ ይመለመላል፣ የእርስ በርስ ጦርነትም በብዛት የሚነሳው ድሃ አገር ላይ ነው፣ ይሄንን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ የምለው ሀብቱ ብቻውን አይበቃም ነው። በፈረንጆቹ 1914 እንግሊዝና ጀርመን ከአለም ሀብታሞች ነበሩ፣ እቃ ይገዛዛሉ፣ ንጉሶቻቸው ሳይቀሩ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፣ ግን አራት አመት ተራረዱ። ሩቅ ከሆነባችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የምታልፉትን ዋሻ እዩ። ጣሊያን ነው የቆፈረው፣ ተራራ የሚበሳ ገንዘብና ሙያ የነበረው አገር በእኛ 1928 የመርዝ ጋዝ ይዞ መጣብን፣ ያውም እሱም እኛም የመንግስታቱ ማህበር አባል ሆነን።

እና ፈረንሳይና ጀርመን እንዴት ታረቁ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በ70 አመት ውስጥ ሶስቴ የተዋጉ አገሮች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1951 ከሌሎች አራት አገሮች ጋር ሆነው የድንጋይ ከሰልና ብረታቸውን አንድ የጋራ ባለስልጣን ስር አደረጉት። መድፍ የሚሰራው ከሱ ነዋ! ልብ በሉ፣ ያኔ ጀርመን ገና ከፍርስራሽ እየተነሳች ነበር። መቀናጆው ቀደመ፣ ብልጽግናው ከኋላ ነው የመጣው። መገበያየት ግን መቀናጆ አይደለም። ጀርመን ስንት አስርት አመት የሩሲያን ጋዝ ስትገዛ፣ ባህር ስር ቱቦ ሳይቀር ሲዘረጋ፣ በንግድ ይለዝባሉ ተብሎ ነበር፣ የ2022ቱን የዩክሬን ጦርነት ግን ያ ቱቦ አላስቀረውም። በ2024 አለም ለጦር ያወጣችው 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ ትልቁን ድርሻ የሚያወጡት ደግሞ የጠገቡት ናቸው።

ስለዚህ እናንተ ከጓደኛችሁ ጋር ቢዝነስ ስትጀምሩ፣ ሱቅም ይሁን ባጃጅ፣ ውሉን አሁን ምንም ሳይኖራችሁ ጻፉት፣ ሶስት ምስክር አስፈርሙ፣ ብር ከገባ በኋላ ቃላቱ ሁሉ ይከብዳሉ። "እኛ'ኮ እንደ ወንድማማች ነን" የሚለውን ተዉት፣ እኔ ስለካ ከኖርኩት ወሰን ግማሹ የወንድማማች ነው።

የመንዞቹን ነገር ሳልጨርስላችሁ። ፍርድ ቤቱም እኔም ሲያቅተን ሽማግሌ ገባ፣ አንደኛው ሽማግሌ በድሮው የጓሳ ቀሮ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ቀሮ ማለት ጓሳ የሚባለው የመንዝ የጋራ የሳር መሬት ለአመታት ተዘግቶ ቆይቶ በስምምነት በተባለው ቀን ተከፍቶ ሳሩ የሚታጨድበት ደንብ ነው፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀረው። ሰውዬው ሜትሬን ወዲያ አሉና "ይቺ ሁለት ክንድ የማንም አትሁን፣ አትታረስ፣ ሳሯን በየተራ እጨዱ" አሉ። ሁለቱም እየተነጫነጩ ማሉ። አሁን ሁለቱም በህይወት የሉም፣ አምና በዛ ሳልፍ ግራና ቀኙ ገብስ ሆኖ መሃሉ ላይ ያቺ ቀጭን ሳር አለች፣ የአንደኛው የልጅ ልጅ ማጭድ እየሳለ ነበር፣ ተራው የነሱ እንደሆነ ነገረኝ።