ካርታው ገና በሟች አባት ስም እያለ ቀብድ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አዳማ፣ ቦኩ አካባቢ ቤት አግኝተሻል። ሻጩ ልጅየው ነው፣ ካርታው ግን አሁንም በሟች አባቱ ስም ነው። ደላላው ደግሞ «ዛሬ ቀብድ ካልከፈልሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ ለጊዜው በሦስት ምስክር ተዋዋሉ» ብሎሻል። መልሴ አጭር ነው፦ ዛሬ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍይ። ቤቱ ቢያመልጥሽም ያምልጥ፣ አዳማ ቤት አያልቅባትም።

ልጅየው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ብቻውን ሊሸጥልሽ የሚችለው ነገር ገና በእጁ የለም። አባት ሲሞት ቤቱ የወራሾቹ ሁሉ ነው። እህት ወንድም ይኖረዋል። እናትየው በሕይወት ካለች፣ ቤቱም በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ፣ ግማሹ መጀመሪያውኑ የእሷ ነው፣ ውርስ የሚባለው ከዚያ በኋላ የቀረው ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይውጣ፣ ካርታው በወራሾቹ ስም ይዙር፣ ከዚያ ስለ ሽያጭ ይወራል። ሲሸጥም ሁሉም ይፈርማሉ። ከመሃላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳታዪ ወደፊት እንዳትሄጂ።

«ሁላችንም ተስማምተናል፣ አንዷ እህታችን ብቻ ውጭ ናት፣ ውክልና አለኝ» ሊልሽ ይችላል። እኛ ቤታችንን ስንገዛ የገጠመን እሱ ነው። ሻጮቹ ወንድማማቾች ናቸው፣ እህታቸው አረብ አገር ናት፣ ታላቅየው ውክልናዋን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ውልና ማስረጃ ቁጭ ብለናል፣ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል፣ ምስክሮቹ መታወቂያቸውን አውጥተዋል። ባለሙያዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ማስተዳደር ይላል፣ ማከራየት ይላል፣ መሸጥ የሚለው የታለ?» አለች። የለም! ፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይላል፣ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። እህትየው ኤምባሲ ሄዳ አዲስ እስክትሰጥ፣ ወረቀቱ መጥቶ ውጭ ጉዳይ እስኪረጋገጥ ድረስ ነገሩ ቆመ። እኛ ብሩን ስላልሰጠን እንቅልፋችንን ተኝተን ጠበቅን። ውክልና ባየሽ ቁጥር «መሸጥ» የሚለውን ቃል ፈልጊ፣ አለመሻሩንም አስጣሪ። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ አበቃ፣ ስለዚህ አባትየው በሕይወት ሳለ የሰጠውን ውክልና ይዞ ቢመጣ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሦስቱ ምስክሮች። በምስክር ፊት የተጻፈ የመንደር ውል ለቤት ሽያጭ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን ያዛል። ብዙ ሰው ቀብድ ከከፈለ ቤቱን የያዘ ይመስለዋል። እርግጥ ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ግን ዋናው ውል ራሱ በሕጉ ፎርም ካልተደረገ ፍርድ ቤት ላይ የምትከራከሪው እጥፉን ለማግኘት ሳይሆን የሰጠሽውን ለማስመለስ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሰውየው ብሩን ሳይበላው ከተገኘ ነው።

ሌላው የትዳር ነገር ነው። ያገባ ሰው የጋራ ቤት ሲሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የባልየው ስም ብቻ መኖሩ አያድንሽም። «ተፋተናል» ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያምጣ፣ «አላገባሁም» ካለ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። ባለቤትሽ ውጭ ነው ብለሻል፣ ገንዘቡም ከእሱ ነው የሚመጣው፤ ካርታው በማን ስም ይውጣ ለሚለው ብዙ አትጨነቂ፣ በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ መሆኑ ነው የሚገመተው።

እዳና እገዳ ሳታስጣሪ እንዳትፈርሚ። ካርታው ባንክ ተይዞ ይሆናል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል፣ ኮፒው ላይ ግን ምንም አይታይም። በደላላ እጅ የመጣ ማጣሪያ ሳይሆን ከሻጩ ጋር ራስሽ መሬት አስተዳደር ሄደሽ የምታወጪውን እመኚ። ሜትርም ያዢ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት ከአጥሩ ጋር አስተያዪው። ኩሽናው ወይም ሰርቪስ ቤቱ ከካርታው ውጭ የቆመበት ግቢ ስንት አለ መሰለሽ፣ አጥር ውስጥ ያለ ሁሉ የሻጩ አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አንቺ የምትገዢው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ባዶ ቦታ ልሽጥልሽ የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው፣ አመሰግናለሁ ብሎ መሄድ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከሆነ ደግሞ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ስለሚል፣ የሊዙ ክፍያ በአንቺ ላይ ስንት እንደሚመጣ ከመዋዋልሽ በፊት ጠይቂ።

ታክስ ለመቀነስ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው» ይሉሻል፣ ሁሉም ያደርገዋል ይሉሻል። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት ያወጣል፣ ያተረፍሽ የመሰለሽ ነገር ላይኖር ይችላል። ከዚያ በላይ ግን፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ የምታስመልሺው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው። የቀረውን ከፍያለሁ ብለሽ በምን ታስረጃለሽ? ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ስም ማዛወሪያውን፣ ቴምብሩንና ታክሱን ማን እንደሚከፍል አንድ በአንድ ይስፈር። ከቻልሽ የተወሰነውን ክፍያ ካርታው በስምሽ እስኪወጣ አቆዪ፣ ይህንንም ውሉ ላይ አስገቢ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ሊዘጋጅ ይችላል፣ የማታነቢ ከሆነ የደላላውን ሰው ሳይሆን የራስሽን ሰው ይዘሽ ግቢ፣ እያንዳንዱን መስመር ያንብብልሽ።

የመብራትና የውሃ ውዝፍ እንዳለም እዪ። ግቢው ውስጥ ተከራይ ካለ መቼ እንደሚለቅ ቀኑ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ «ሲሸጥ ይወጣል» በሚል የአፍ ቃል ቁልፍ እንዳትረከቢ።