ለልምምድ ውጭ አገር ለምትሄዱ ልጆቼ፦ ከተማዋንም ተማሩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የውኃ ምህንድስና ተማሪ ደወለችልኝ። ለሦስት ወር ኢንተርንሺፕ ወደ ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ልትሄድ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችና ጥያቄዋን ደረደረች። ምን ዓይነት ልብስ ልያዝ? የቤት ኪራይ እንዴት ነው? ከአበሉ ስንት ይተርፈኛል? የማውቀውን መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ከተማዋ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ለእሷም፣ እንደ እሷ ሻንጣ ለምታዘጋጁት ሁሉም እጽፋለሁ።

እኔ ሮተርዳም የገባሁት በ1990 ዓ.ም. ክረምት ነው። አጠገቧ ባለችው፣ አሮጌ ቤቶች በሞሉባት ደልፍት ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለተግባር ልምምድ አንድ የምህንድስና ቢሮ ተመደብኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ከክፍሌ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ክፍሌ ስል አለቁ። ያኔ ዩሮ ገና አልመጣም፣ የምንገበያየው በጊልደር ነበር። የትራም ትኬቱ በመስመር የተከፋፈለ ረዘም ያለ ወረቀት ነው፤ በተሳፈሩ ቁጥር ማኅተም እያረፈበት ያልቃል። እኔ የዚያችን ወረቀት መስመሮች እየቆጠርኩ ቅዳሜና እሁድን ተኝቼ አሳልፍ ነበር። ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ነበረብኝና መቆጠቤ አይቆጨኝም። ነገር ግን ቤት ያስቀመጠኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነው። መንገድ መሳት፣ ቋንቋ አለመስማት፣ ሰው ፊት መሳሳት አስፈርቶኝ ነው። ፍርሃቴን ቁጠባ ብዬ ጠራሁት እንጂ።

አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዳቦና አይባችንን ስንበላ፣ ሸምገል ያሉ የቢሮው ነዳፊ «ማስቱነልን አየኸው?» አሉኝ፤ ከከተማዋ ወንዝ ሥር የሚያልፈውን ዋሻ ማለታቸው ነው። አላየሁም። «የውኃ መሐንዲስ ነህ፤ ከወንዙ ሥር ሳትሄድ ልትመለስ ነው?» አሉና ወረቀት ላይ መንገዱን ሣሉልኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከወንዙ ዳር ካለ ሕንፃ ገብቼ እርከኖቹ ከእንጨት በተሠሩ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆምኩ። ከፊቴም ከኋላዬም ብስክሌታቸውን በእጃቸው ደግፈው የሚወርዱ ሰዎች አሉ። እንጨቱ ከእግራችን ሥር ይንቋቋል። ብስክሌተኞቹ በራሳቸው ዋሻ ሄዱ፤ የእግረኛው ከእነሱ በታች ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ገና ሰው ሳይታይ ኮቴው ይሰማል። መሐል ስደርስ ቆምኩና መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ከበላዬ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ መርከብ ያልፋል። ይህን ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1942 ሲሠሩት መሬቱን አልፈለፈሉም። ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ሌላ ቦታ ሠርተው፣ በውኃ ላይ አንሳፍፈው አምጥተው፣ ወለሉ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አንድ በአንድ አሰጠሟቸውና አገጣጠሟቸው። አሠራሩን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ ግድግዳው ቀዝቅዞ መዳፌን ሲነካኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ! በእግሬ ከተማዋን ማካለል ጀመርኩ። ደልፍትን ለምዶ ለመጣ ሰው የሮተርዳም መሐል ግራ ያጋባል፤ አሮጌ ቤት የት ገባ? መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ሐውልት ሥር ነው። እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ ደረቱና ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ነው። ኦሲፕ ዛድኪን የሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1953 ቆመ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች በሩብ ሰዓት ገደማ የከተማዋን ልብ ደበደቡት፤ የተረፈውን እሳቱ በላው፤ ወደ 80,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኔ «ውበት የላትም» ያልኳት ከተማ ከአመድ የተነሣች ናት። አንድን ከተማ ቆንጆ ነው፣ አስቀያሚ ነው ከማለታችሁ በፊት «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የምትጠይቁትም ሰው ይሁን።

ይህን የምለው በአከራዬ ምክንያት ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ነበሩ። አምስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» ከማለት በቀር አናግሬያቸው አላውቅም። አንድ ማታ ዝናብ አበስብሶኝ ስገባ ቡና ጠጣ ብለው ወጥ ቤት አስገቡኝና ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ጎርፍ መከላከል አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ግድግዳው ጋ ቀረቡ፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ለጠፉበት። «እዚህ ድረስ» አሉኝ።

ለካ የተወለዱት ዜላንድ፣ ደቡብ ምዕራብ ኔዘርላንድስ ባለው የባሕር ዳር ክፍለ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 ለየካቲት 1 አጥቢያ፣ ማዕበሉና የባሕሩ ሙላት ተገጣጥመው ግድቦቹን ሲንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከቤተሰባቸው ጋር ጣሪያ ሥር ወጥተው ተረፉ። በዚያ ጎርፍ በኔዘርላንድስ ብቻ 1,836 ሰው አልቋል። ቁጥሩን አውቀው ነበር፤ የመጽሐፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ቁጥሩን የሚያውቅ ልጅ፣ ከጎርፉ ከተረፉ ሰው በላይ ባለው ፎቅ አምስት ሳምንት ሲኖር አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት መታ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔም ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ሄድኩ። የውኃው ከፍታ በመሣሪያ የተለካበት አስተማማኝ መዝገብ አላገኘንም። ያን ጊዜ የአከራዬ መዳፍ ትዝ አለኝ። ቤት ለቤት እየዞርን «ውኃው እስከ የት ደረሰ?» ብለን ጠየቅን፤ ሰዉ ግድግዳው ላይ እጁን እያሳረፈ አሳየን፣ እኛም ምልክት አድርገን ለካን። ከእነዚያ ምልክቶች ከፍታና ከወንዙ ተዳፋት ተነሥቶ የፈሰሰውን ውኃ መገመት ይቻላል። ቢሮ ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ በሥራዬ ይበልጥ የጠቀመኝ በዚያች ወጥ ቤት ያየሁት ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከሚተርፈው አበል ላይ ለከተማዋ ትንሽ መድቡላት። ብዙ አያስወጣም። አንድ ትራም ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሂዱና በእግር ተመለሱ። ካርታውን ቤት አይታችሁ ስልኩን ኪስ ክተቱት፤ ብትጠፉም በቀን ጥፉ። ቢነንሮተ የሚባለው አደባባይ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል፤ ወደ ማምሻው ዋጋው ይቀንሳል። ያገለገለ ብስክሌት ግዙ፣ ጠንካራ ቁልፍና መብራት አይጉደላችሁ፤ ቀላ ያለው አስፋልት የብስክሌት መንገድ ነውና ፎቶ ለመነሣት አትቁሙበት። ለአደጋ 112 ነው። የአገራችን ልጆችም እዚያ አሉ፤ እሁድ ቡናቸውን ጠጡ፣ ናፍቆት ያስታግሳል። ቅዳሜን ግን ለከተማዋ ተዉላት፤ አከራያችሁንም፣ ጎረቤታችሁንም አነጋግሩ። ስትሳሳቱ የሚስቅባችሁ ሰው እኔ ከፈራሁት እጅግ ያነሰ ነው።

ለደወለችልኝ ልጅ ደግሞ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሁክ ፋን ሆላንት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ማስላንትኬሪንግ የሚሉት የማዕበል መከላከያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመረቀ። ሁለቱ በሮቹ እያንዳንዳቸው 210 ሜትር ይረዝማሉ። እኔ በባቡር ነበር የሄድኩት፤ አሁን ሜትሮው እስከዚያ ከተማ ይደርሳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የማዕበሉ ወቅት ሳይገባ በሮቹን ዘግተው ይፈትሿቸዋል፤ ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ዳር ቆሞ ያያል። ቀኑን አስቀድመሽ ጠይቂ። ስለ ልብስ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ነፋሱ ኃይለኛ ነውና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዢ።