የአሮጌው ፒክአፕ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

የአንባቢያን ጥያቄና የዓምዱ አዘጋጅ መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራ፣ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ ቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ 2ኤል የሚባለው ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ነው። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይደክማል፣ በየ1000 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይበላል። አንዱ መካኒክ ‹‹ይታደስ›› ሲለኝ ሌላው ‹‹ያገለገለ 3ኤል ገዝተህ ቀይር›› ይለኛል። ሻንሲውና ካቢኑ ደህና ናቸው። የትኛው ያዋጣኛል? ወጪውንስ እንዴት ልገምት?

መልስ፦ ሁለቱም መካኒኮች ሳይለኩ የተናገሩ ይመስለኛል። የጠቀሷቸው ሦስቱም ምልክቶች በደከመ ሞተር ላይ የሚታዩ ቢሆኑም፣ ጠዋት አልነሳ ማለቱ ከካንዴሌታ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን ከሚያሞቀው ዕቃ) ወይም ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ሪሌ፣ ዳገት ላይ መድከሙም ከተደፈነ የናፍጣ ፍልትሮ፣ ናፍጣ ከሚረጨው ካረጀ ኖዝል ወይም ከተዛባ የፖምፓ ታይሚንግ (ናፍጣው ከሚረጭበት ቅጽበት) ሊመጣ ይችላል። በቀጥታ ወደ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ወደ ቫልቭ ሲል (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) የሚጠቁመው ዘይት መብላቱ ብቻ ነው። ይህን ሳያጣራ ሞተር ያስወረደ ሰው፣ የገዛውን ሞተር በአሮጌው ፖምፓና በአሮጌው ኖዝል ሲያስነሳው ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ ያስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴሌታዎች ወጥተው፣ ናፍጣ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ሽቦ ተነቅሎ፣ በደንብ በተሞላ ባትሪ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየተሽከረከረ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ይለካል። በዚህ የሞተር ቤተሰብ ላይ ጤነኛው ንባብ 32 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ዝቅተኛው ወሰን 20 ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 መብለጥ የለበትም። አራቱም 26 እና 27 ላይ ከቆሙ ሞተርዎ ገና የሚሠራ ስለሆነ ገንዘብዎን በካንዴሌታ፣ በኖዝልና በፖምፓ ላይ ያውሉት። ሦስቱ 27 ሆነው አንዱ 17 ከሆነ ጥፋቱ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው ብቻ ወርዶ ይታይ። አራቱም ከ20 በታች ከወረዱ ግን የሁለቱ መካኒኮች ክርክር ያን ጊዜ ይጀመር።

መለኪያ እስኪገኝ ድረስ እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉት አንድ ቀላል ነገር አለ። ሞተሩ ሞቆ በቀስታ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፍቱና ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ጥቂት እየተንቀጠቀጠ ቦታው ላይ ከቆየ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀ፣ ከቀዳዳውም እንደ ምድጃ ጭስ ‹‹ቡፍ ቡፍ›› የሚል ትንፋሽ ከወጣ፣ የሚቃጠለው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ቋት እየገባ ነው ማለት ነው።

ሞተሩ በእርግጥ ካለቀ፣ በእርስዎ ሁኔታ እኔ ወደ መቀየሩ አደላለሁ፤ ምክንያቴም እድሳት ሳይከፈት ዋጋው የማይታወቅ ሥራ መሆኑ ነው። ሲሊንደሩ የሚሰፋው በምን ያህል እንደሆነ፣ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ተሞርዶ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ይቀበል እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ቴስታታው ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ከተዘረገፈ በኋላ ነው። የ2ኤል ቴስታታ አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቀበት በቫልቮቹ መካከል በመሰንጠቅ ይታወቃል። የተሰነጠቀ ቴስታታ ከተገኘ ደግሞ የእድሳቱ ሂሳብ ካገለገለ ሙሉ ሞተር ዋጋ አልፎ ሊሄድ ይችላል። እድሳትን የምመርጠው ብሎኩ ከዚህ በፊት ሳይሰፋ የቆየ መሆኑ በእርግጠኝነት ሲታወቅ፣ ጥሩ ቶርኖ ቤት ሲኖርና ባለቤቱ መኪናውን ሌላ አሥር ዓመት ሊይዘው ሲያስብ ነው።

3ኤል የሚለው ምክር መጥፎ አይደለም። 2ኤል 2446 ሲሲ፣ 3ኤል 2779 ሲሲ፣ 5ኤል ደግሞ 2986 ሲሲ ሲሆኑ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚገጥሙበት ፊት አንድ ዓይነት ነው። 3ኤል ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ ስለሚሰጥ የሚፈልገው ሽቦም ጥቂት ነው፦ የናፍጣ መዝጊያው፣ የካንዴሌታው፣ የሞተሪኖው፣ የዲናሞው፣ እንዲሁም የዘይትና የሙቀት ጌጆች። በሌላ አነጋገር ሻንሲ ሳይቆረጥና ካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ሳይነካ ሞተሩ በቦታው ይቀመጣል። ነገር ግን ሲገዙ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ይጠይቁ። ከሃይኤስ የወጣ ከሆነ የዘይት ቋቱና ሞተሩን የሚሸከሙት እግሮች ከሂሉክሱ ሊለዩ ስለሚችሉ የራስዎን አውልቀው ወደ እሱ ማዛወር ይኖርብዎታል፤ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ይሠራ የነበረ ከሆነም ቮላኖውን (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ከአሮጌው ሞተር መውሰድ ግድ ነው። የካንዴሌታዎቹን ቮልቴጅ ከሪሌዎ ጋር ሳያስተያዩ አይግጠሙ፤ ያልተዛመዱ እንደሆነ በጥቂት ቀናት ይቃጠላሉ።

አሁን ወደ ወጪው። አብዛኛው ሰው ‹‹ሞተሩ ስንት ነው?›› ብሎ ይጠይቅና የተነገረውን ቁጥር የሥራው ሁሉ ዋጋ አድርጎ ይይዘዋል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ የማይቀየሩ ነገር ግን በኋላ መቀየራቸው የማይቀር ዕቃዎች አሉ፤ እነሱን ያልያዘ ግምት ግምት አይባልም። የፍሪሲዮን ዲስክና ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ዘይት ሲል፣ የታይሚንግ ቺንጊያ (ቫልቮቹ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ተናብበው እንዲሠሩ የሚያደርገው ቀበቶ) ከመወጠሪያው ጋር፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ቱቦዎች፣ የሞተር መቀመጫ ጎማዎች፣ ዘይትና ፍልትሮዎች ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። በተለይ የታይሚንግ ቺንጊያ፦ ሻጩ ‹‹አዲስ ነው›› ቢልዎትም ይቀይሩት፤ በኤል ሞተሮች ላይ ቺንጊያ ቢበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ የገዙት ሞተርም በዚያው ያበቃል። ቀጣዩን ቺንጊያ የሚቀይሩበት 100,000 ኪሎ ሜትርም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል።

ይህን የምለው ራሴ ከፍዬበት ነው። አንድ ጊዜ የራሴን ፒክአፕ ሞተር ስቀይር የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን በእጄ አሽከረከርሁት፤ ድምፅ ስላላሰማኝ መለስሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ፔዳሉን በረገጥሁ ቁጥር መጮህ ጀመረ፤ ለዚያች ለእጅ መዳፍ ለማትበልጥ ዕቃ ስል ካምቢዮውን እንደገና አስወረድሁ፤ የእጅ ሥራውንም ሁለት ጊዜ ከፈልሁ።

በጀት ሲይዙ የሞተሩን ዋጋ፣ የዙሪያውን ዕቃ፣ የእጅ ሥራውንና የሰነዱን ጉዳይ ለየብቻ ይጻፉ። በዚያ ላይ የሞተሩን ዋጋ ሲሶ ለመጠባበቂያ ያስቀምጡ፤ እኔ እስካሁን መጠባበቂያው ሳይነካ የተረፈበት ሥራ አላየሁም። ሞተሩን በዚያው ቤተሰብ ሞተር የመተካት ሥራ ለለመዱት ሁለት ሰዎች የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ ነው። ሞተሩ ከነ ዕቃው 200 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚመዝን በአስተማማኝ ክሬን መነሳት አለበት፤ ሲገባም የካምቢዮው ዘንግ በፍሪሲዮኑ ውስጥ ገብቶ ቡሎኖቹ እስኪያዙ ድረስ የሞተሩ ክብደት በዘንጉ ላይ ማረፍ የለበትም። ቡሎን በማጥበቅ ጎትቶ ሊያገናኘው የሚሞክር መካኒክ ካዩ ያስቁሙት። ራዲያተሩ ወጥቶ ይታጠብ፤ ደለል የያዘ ራዲያተር አዲሱን ቴስታታ እንደ አሮጌው ይሰነጥቀዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳም አይቸኩሉ። የናፍጣ መዝጊያው ሽቦ እንደ ተነቀለ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ ያሽከርክሩት፤ የዘይት ግፊቱ ጌጅ ሲነሳ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ሽቦውን መልሰው፣ በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጥተው ያስነሱት። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱንና ፍልትሮውን እንደገና ይቀይሩ።

በብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ስለሚለወጥ በብዙ አገሮች የመኪናው ሰነድ ላይ መመዝገብና ለመድን ሰጪው መታወቅ ይኖርበታል። የሞተሩን የግዢ ደረሰኝና የመጣበትን መኪና ማስረጃ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ሞተር ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይንኩት።

ጥያቄ፦ የእኔ ፒክአፕ 22አር የሚባል የካርቡሬተር ቤንዚን ሞተር ነው ያለው። ከተጋጨ አዲስ ሂሉክስ የወጣ 1ኬዲ ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ሞተሩን ብቻ ከሆነ የሚሸጡልዎ አይግዙት። 1ኬዲ በኮመን ሬል (ናፍጣውን ሬል በሚባል የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍል ዘዴ) የሚሠራ፣ ኮምፒውተሩ ካላዘዘው አንዲት ጠብታ ናፍጣ የማይረጭ ሞተር ነው። ከእሱ ጋር ኮምፒውተሩ፣ ሳይቆረጥ የወጣ ሙሉ የሽቦ ጥቅል፣ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ፣ ቁልፉና የኢሞቢላይዘሩ (የስርቆት መከላከያው) ክፍል፣ ኢንተርኩለሩና ካምቢዮው አብረው መምጣት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱን ለብቻው መፈለግ ሞተሩን ከመፈለግ ይከብዳል። በዚህ ላይ ካርዳን ማሳጠር ወይም ማስረዘም፣ የሞተር እግር ማስበየድ፣ ማርሚታውን በሰፊ ቱቦ መተካትና ምናልባትም የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቀየር አለ፤ የናፍጣ ሞተር የሚሠራበት ዙር ከቤንዚኑ ያነሰ ነውና።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው ነዳጁ ነው። በሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ፣ ለካርቡሬተር ምንም ያላለው የታንከርዎ ዝገት ኢንጀክተሮቹን ይጨርሳል፤ ታንከሩ መታጠብ ወይም መቀየር፣ መመለሻ መስመር መዘርጋት፣ ውሃ የሚለይ ፍልትሮ መግጠም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍሬን ነው። የቤንዚን ሞተር የፍሬን ሰርቮውን (የእግርዎን ጉልበት የሚያግዘውን ክፍል) የሚረዳው በራሱ የአየር ማስገቢያ በሚፈጠረው ቫኩም ነው፤ ናፍጣው ግን ይህ ስለሌለው የቫኩም ፖምፓ ይፈልጋል። ፖምፓው ሳይኖር ወይም ቱቦው ሳይገናኝ የሄደ መኪና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

እኔ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የሞተሩ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ሲሆን አላየሁም። የሥራው ጊዜም በቀን ሳይሆን በሳምንት ይቆጠራል። መኪናው የዕለት ጉርስ የሚያመጣልዎ ከሆነ የቆመበትን ጊዜም እንደ ወጪ ይጻፉት። የተጋጨውን መኪና የፊት ግማሽ እንዳለ የሚሸጥልዎ ከተገኘ፣ የሚሠራልዎትም የመኪና ኤሌክትሪክ አዋቂ ካለ፣ ያን ጊዜ ሐሳቡ ሊታይ ይችላል። ከሌለ ግን 22አርን ማደስ በጣም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ የሚሸጠው ያገለገለ ሞተር ታጥቦ በቀለም የተቀባ ነው። ውስጡን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ቀለሙን አይዩት። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ይመልከቱ፤ ቡና ከወተት ጋር የመሰለ ቅባት ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ትንሽ ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀድተው በፀሐይ ብርሃን ይዩት፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ የብሮንዚን መበላት ነው። በክራንክ ሻፍቱ ፊት ያለውን ቡሎን በቁልፍ ይዘው ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ በየሲሊንደሩ ተራ እኩል መቋቋም አለበት፤ አንዱ ላይ በቀላሉ ካለፈ እዚያ ኮምፕረሽን የለም። የውሃ ቱቦው የሚገባበትን አፍ በጣትዎ ይንኩ፤ ቀይ ዝገት ከወጣ በተራ ውሃ ብቻ ሲሠራ የኖረ ሞተር ነው። ሻጩ ዋስትና እሰጣለሁ ካለም ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ይሁን ወይስ የማውረጃና የመግጠሚያ የእጅ ሥራውንም ይጨምር፣ በጽሑፍ ያስቀምጥልዎ።