የሰመጡ መርከቦች ጨዋታ በቦርከና ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ላይ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የመፈለጉን ጨዋታ፣ ማለትም ጂኦካሺንግን፣ በሰመጡ መርከቦች ታሪክ ለማዘጋጀት አስበው፣ ቦርከና መርከብ የማያውቅ ወንዝ በመሆኑ ሐሳቡ ያስኬድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ታሪኩን ከሌላ ወንዝ መዋስ ስለሚቻል በእኔ አስተያየት ያስኬዳል።

አረቢያ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ እ.ኤ.አ. በ1856 በአሜሪካው ሚዙሪ ወንዝ ውስጥ በተጋደመ የዛፍ ግንድ ተወግታ ሰመጠች፤ ወንዙ ከጊዜ በኋላ መንገዱን በመቀየሩ ግን በ1988 ቁፋሮ የተጀመረው ከውሃው 800 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ የእርሻ ማሳ ላይ ሲሆን፣ መርከቧም 14 ሜትር ገደማ ከሚሆን ደለል ሥር ከነጭነቷ፣ ጫማና በጠርሙስ የታሸገ አትክልት ሳይቀር፣ ተገኘች። እንግዲህ ዕቃዎን ከወንዙ ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡ ለታሪኩም የሚስማማ ነው፤ በክረምት ደሴ ላይ የጣለው ዝናብ ኮምቦልቻ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙን ሊሞላው ስለሚችልም ከነሐሴ ይልቅ ጥቅምትን እመርጣለሁ።

የጨዋታው ደንብ ዕቃውን መቅበር ይከለክላል፤ በሁለት መደበቂያዎች መካከልም 161 ሜትር ርቀት እንዲኖር ያዛል። ጂፒኤሱ በጥቂት ሜትሮች ስለሚሳሳት አጭር ፍንጭ ይጨምሩበት። የተደበቀ ጥቅል ሰውን ማስደንገጡ አይቀርምና፣ ውስጡን የሚያሳይ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ይምረጡ፤ ምንነቱን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ ለቀበሌውም አስቀድመው ያሳውቁ።